ሁለት ጊዜ የተቀበረችው አያት

ክፉው ድርቅ ካለፈ በኋላ አንድ አሜሪካዊ ከነሚስቱ ላሊበላ መጥቶ ተቀመጠ። እሱ የውሃ ጉድጓድ ያስቆፍራል፤ እሷ የእርዳታ ስንዴ ታከፋፍላለች። እኔ መጋዘን ጠባቂያቸውም አስተርጓሚያቸውም ነበርኩ። እንግሊዝኛን ማንም አላስተማረኝም። ሽፋኑ ከተገነጠለ መዝገበ ቃላት ብቻዬን ነው የለቀምኩት።

ደግ ሰዎች ነበሩ፤ ይህን አልክድም። ግን ውሻቸው እነሱ ከበሉበት ሳህን ይልስ ነበር። ሕዝቡ ቂጣ አጥቶ በከረመበት አገር ሳህኑን መሬት ላይ ያስቀምጡለታል፤ እሱ ግጥም አድርጎ ይልሳል። ያንን ሳህን አጥቤ መመለስ የእኔ ሥራ ባይሆንም፣ ባየሁት ቁጥር እጄን እታጠብ ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የአባቴ ወንድም ስንዴ ሊወስዱ መጥተው መጋዘኑ ደጃፍ ተቀምጠው ሳለ፣ ሴትዮዋ የዘመዶቿን ፎቶግራፍ ይዛ ወጣች። አጎቴ በአገሩ የታወቁ ዘር ቆጣሪ ናቸው። በእኛ ዘንድ ሰባት ቤት ሳይቆጠር ጋብቻ የለም፤ እስከ ሰባተኛው አያት ድረስ ቆጥሮ ሙሽሮቹ በዘር አለመገናኘታቸውን የሚያረጋግጥ ሽማግሌ ያስፈልጋል። ሴትዮዋ ይህን ሰምታ ኖሮ የራሷን ዘር ልትቆጥርላቸው ፈለገች።

እኔ እተረጉማለሁ። አንዱ ቅድመ አያቷ አቧራ ያነሳ ነፋስ እርሻውን ጠርጎበት ተሰደደ። ሌላው ለወታደሮች የበሰበሰ ሥጋ ሸጦ ታሰረ።

አጎቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። «የመሬት ሙግት አለባት እንዴ?»

«የለባትም።»

«ታዲያ ለምን ትቆጥራለች?»

ጠየቅኋት። «እንዲሁ፣ እንዳይረሱ» አለች።

«እንዲሁ!» አሉ አጎቴ። «ሌባ አያትን እንዲሁ! የሞተ ሰው ገመና ይከደናል እንጂ እንደ እህል በአደባባይ ይሰጣል?»

ሴትዮዋ የመጨረሻውን ፎቶግራፍ አወጣች። ጢማም ሰውዬና ቀጭን ሴት ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ወንድ አያቷና ሴት አያቷ ናቸው። የሁለት ወንድማማቾች ልጆች እንደሆኑ ነገረችኝና ሳቀች። ይህን እንዴት ብዬ ልተርጉመው? አፌን የሬት ያህል መረረኝ። ግን ሰው ያለውን አሳስቼ አልተረጉምምና ተረጎምኩት።

አጎቴ መሬት ላይ ተፉ። «እህቱን አግብቶ፣ ከእህቱ ወልዶ፣ የዚያ ዘር ደግሞ ተቀምጣ ትስቃለች። ውሻዋ ይሻላል፤ ውሻ ዘር መቁጠር አልተማረም!»

«ምን አሉ?» አለችኝ።

«ደስ አላላቸውም» አልኳት። እኔንም ደስ አላለኝም። ማታ እራት ሳልበላ ተኛሁ።

ፋሲካ እንዳለፈ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ልጄን ለልጁ ሊያስጠይቅ ሽማግሌ ይዞ ቤቴ መጣ። ለምን እኔን እንደመረጠ አልጠፋኝም፤ የስንዴው መጋዘን ቁልፍ በእኔ ወገብ ላይ ነው። ቢሆንም ለሴት ልጅ ጠያቂ ሲመጣ በር አይዘጋም። «ዘር ይቆጠር፤ ከዚያ እንነጋገራለን» አልኩ። ልጄ ከጓዳ ትሰማለች። ቀደም ብላ «አባዬ፣ አንተ ካልክ እሺ» ብላኝ ነበር። ስለዚህ የልጅቷ ዕጣ ያለው እኔ አፍ ላይ ነበር።

አጎቴ ጋቢያቸውን አስተካክለው ጀመሩ። የእኔን አባት ጠሩ፤ አያቴን ጠሩ፤ ከዚያ ወደ አያቴ አባት አለፉና በወንዱ መስመር ብቻ ሽቅብ ወጡ። የሊቀመንበሩንም እንዲሁ በወንድ በወንድ ቆጠሩ። ሰባተኛው ላይ ሲደርሱ እጃቸውን ዘርግተው «አይገናኙም፤ ይባረክ» አሉ።

ጠበቅኩ። ሽማግሌዎቹ ለምርቃቱ ሊነሱ ሆነ።

«አባባ» አልኩ አጎቴን፣ «ሴትዮዋን ዘለሏት።»

«የቷን ሴትዮ?»

«ሁለት ባል ያገባችውን። የገዛ አያትዎን።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ያቺ ሴት ከመጀመሪያ ባሏ የሊቀመንበሩን አያት ወለደች፤ ከሁለተኛው የእኔን አያት። ለልጄም ለእሱ ልጅም አራተኛ ቤት ናት። በንጉሡ ጊዜ አጎቴ የሊቀመንበሩን አባት ከሰው፣ ወደ ይምርሐነ ክርስቶስ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለውን የገብስ መሬት ግማሹን የረቱት በእሷ ነው፤ ርስቷ ነበርና። ያኔ እኔም ቆሜ ሰምቻለሁ። ከየትኛው ጥድ ሥር እንደተቀበረች ሳይቀር ለዳኛው አሳይተዋል።

«እርጅና ነው፣ ልጄ» አሉ አጎቴ። «ረሳኋት።»

«የገዛ አያትዎን?»

ሊቀመንበሩ ጉሮሮውን ጠረገ። «ጓድ፣ የባላባት ዘር ቆጠራን እኮ አብዮቱ ቀብሮታል።»

«ታዲያ ምን ልታስቆጥር መጣህ?» አልኩት።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሳቀና በሳል አስመሰለው። አጎቴ ዘወር ብለው በሹክሹክታ «ዝም በል» አሉኝ፤ «በሚመጣው የመሬት ድልድል አብዮቱ የወሰደብኝን የገብስ መሬት ሊመልስልኝ ነው።»

 ለዚያች መሬት ሲሉ ከመቃብር አወጧት፤ ለዚያችው መሬት ሲሉ መልሰው ቀበሯት። ያውም ልጄን በላይዋ ላይ ድንጋይ አድርገው! ሰው ይዋሻል፤ ሁላችንም እንዋሻለን። ሰባት ቤት እየጠራ፣ መስቀል በአንገቱ አድርጎ፣ ያሳደገችውን አያት ሲውጥ ማየት ግን ከውሻው ሳህን ይብሳል።

ተነሳሁ። «ልጆቹ አራተኛ ቤት ላይ ይገናኛሉ። እህትና ወንድም ናቸው። ይህ ጋብቻ የለም።»

«አንተ ፈረንጅ ሆነሃል» አሉ አጎቴ ሲወጡ። «ገመና ታሰጣለህ።»

ልጄ ከጓዳ ብቅ አለች። የቀረበላቸው ጠላ አልተነካም፤ ጣሳዎቹን ሰብስባ ስታበቃ «አባዬ፣ ደግሞም ልጁ ንፍጡን በጋቢው ነው የሚጠርግ» አለችኝ።

«ይህን ቀድመሽ አትነግሪኝም?»

«ዘር ነዋ የምትቆጥሩ፣ ንፍጥ መቼ ቆጠራችሁ!»

በማግስቱ አሜሪካዊቷ ሰርጉ መቼ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ዘመድ ሆነው ቀረ አልኳት። ስንተኛ ዘመድ ብላ ጠየቀች፤ ነገርኳት። «እንዲህማ ቢሆን እኔ አልወለድም ነበር» ብላ ሳቀች። አልሳቅኩም። የአያቷ ነገር እስከ ዛሬ ያስጠላኛል፤ አልለመድኩትም፣ አልለምደውምም። ግን ፎቶግራፉን አልደበቀችውም። ይህን ደግሞ ልናገርላት ይገባል።

ድልድሉ መጣ። ሊቀመንበሩ ልጁን ከሌላ ቤት አጋብቶ ነበርና የገብሱን መሬት ለአዲሱ አማቹ ሰጠው። ለእኔም ለአጎቴም ድንጋያማ ቁልቁለት ደረሰን። በዚያው ሳምንት አጎቴ ስልቻቸውን ይዘው መጋዘን መጡ። ስንዴውን ስሰፍርላቸው ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ፤ ልክ እንደዚያን ቀን።

«እንክሰሰው» አሉ። «አውራጃ ድረስ እንሂድ። በአያቴ በኩል ግማሹ የእኛ ነው። የተቀበረችበትን ጥድ እኔ አሳያለሁ፤ አንተ ትመሰክራለህ።»

ቀና ብዬ አየኋቸው። ዓይናቸው ላይ ቅንጣት እፍረት የለም። እሳቸው በፈረንጇ አያቶች ላይ ተፍተው ነበር። እኔ ግን በአጎት ፊት አይተፋምና ምራቄን ዋጥኩት፤ ስልቻቸውን አስሬ አሸከምኳቸውና በሩን ቆለፍኩ።