ደጃፍ ላይ የተገኘው ዱቄት

ወንጌላዊ ራጉኤል ጥሩ ሰው ነው። ሎጊያ ውስጥ የሚያውቀው ሁሉ ይመሰክርለታል፤ ሚስቱ እናትነሽም ብትሆን አትክድም። ጥሩነቱ ግን ድስት አይጥድም። አዋሽ ያለችው አነስተኛ ቤተክርስቲያን ትልክለት የነበረው ደሞዝ አቅሟ አልቆ ከተቋረጠ ወዲህ፣ ራጉኤል "የጠራን እሱ ያበላናል" ብሎ ጠዋት ይወጣል፣ ያገኘው መኪና ላይ ተንጠልጥሎ ሰመራ ያሉትን ምእመናን ሲጎበኝ ይውላል። የዱቄቱን ዕቃ ከፍታ የምታየው እናትነሽ ናት።

እሷም ታምናለች፤ ከባሏ ባልተናነሰ ታምናለች። ግን ትፈራለች። አልጋ ቤት ሥራ ልያዝ ስትለው ቆጣ አለ።

"የወንጌላዊ ሚስት የሾፌር አልጋ ቤት ስትገባ ስትወጣ ታየች ይበሉን? ደግሞስ ሕዝቡን ታመኑ እያልኩ እኔ ሳልታመን?"

እሺ አለችው። እሺ ብላም በማግስቱ ወደ ወሎው ሰው ወደ ከድሩ አልጋ ቤት ሄደች። የከድሩ ሚስት ኡሙሀኒ ጓሮ ውስጥ ሳፋ ሰጠቻት፤ የጅቡቲ ሾፌሮች የተኙበትን አንሶላ በበረኪና ስታጥብ ዋለች። ፀሐዩ ያፈላው የታንከር ውሃ እጇን እየላጠው ቀጠለች። ደሞዟን በዱቄትና በዘይት እንዲሰጧት የጠየቀችው ራሷ ናት።

የመጀመሪያውን ዱቄትና ዘይት ተሸክማ ስትመጣ ልትነግረው ቆርጣ ነበር። ዕቃውን ደጃፉ ላይ አስቀምጣ ክብሪት ልትገዛ ጎረቤት ሱቅ ብቅ አለች። ስትመለስ ራጉኤል ከረጢቱ አጠገብ ተንበርክኮ እንደ ሕፃን ያለቅሳል።

"እናትዬ፣ ነይ እዪ! ዛሬ ጠዋት 'ተውከኝ ወይ?' ብዬው ነበር። አልተወኝም!"

ቃሉ አፏ ላይ ደርሶ ነበር። ግን እንዲህ ደስ ብሎት የሚያለቅስን ባል "ተነስ፣ እኔ ነኝ ያመጣሁት" ለማለት ማን አንጀት አለው? እሷ አልነበራትም።

እሑድ ራጉኤል መሰከረ፤ ጸሎት ቤቱ በእልልታ ተናጋ። ከዚያ በኋላማ ዱቄቱ ባለቀ ቁጥር ደጃፍ ላይ እየተገኘ፣ ምስክርነቱም በየሳምንቱ እየፋፋ ሄደ። እናትነሽ የተላጠ እጇን ነጠላዋ ውስጥ ሸሽጋ ከሰው እኩል አሜን ትላለች። ማንን ጎዳሁ ብላ ራሷን ታጽናናለች።

ሙሉሐረግን ጎዳች።

ሙሉሐረግ ባሏ የሞተባት የሁለት ልጆች እናት ናት። መኪና ማቆሚያው አጠገብ በረዶ የሆነ ሃይላንድ ለሾፌሮች እየሸጠች ነበር የምትኖረው፤ ሀብቷ አንድ ፍሪጅ ነው። አንድ እሑድ ከመቀመጫዋ ተነሳች።

"ፍሪጄን ሸጬ ለጸሎት ቤታችን ጣሪያ ሰጥቻለሁ" አለች። "የወንጌላዊን ደጅ ያልረሳ ጌታ የእኔንም አይረሳም።"

ሕዝቡ እልል አለ። ራጉኤል እንባው መጣ። እናትነሽ ግን አሜን ማለት አቃታት።

ቆርቆሮው ተገዝቶ ወዲያው ተመታ። እናትነሽ ብዙ ቀን ስትፈራ ስትቸር ቆይታ በመጨረሻ ሙሉሐረግ ቤት ሄደች። ልጆቹ ደረቅ ዳቦ በውሃ እያራሱ ይበላሉ። እናታቸው ከስታለች፤ ፊቷ ግን ፈገግታ አላጣም።

"ሲነጋ ደጁን እከፍታለሁ፤ ገና ነው" አለች። "ይዘገያል እንጂ አይቀርም፣ አይደል እህት እናትነሽ?"

እናትነሽ ሳትቀመጥ ነገረቻት። አንድም ሳታስቀር ነገረቻት።

"ዱቄቱን አንቺ ነሽ?"

"እኔ ነኝ ሙልዬ።"

"ዘይቱንም?"

"ዘይቱንም።"

"በየእሑዱ አሜን ስትይ ነበር እኮ፤ አጠገቤ ተቀምጠሽ።" ሙሉሐረግ አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻል ነበር። "እኔ ደጁን ስከፍት ልጆቼ ከኋላዬ ቆመው ያያሉ። ነገ ምን ልበላቸው?"

እናትነሽ ይቅርታ ለማለት እንኳን አፈረች። የሙሉሐረግን እጅ ይዛ ወደ ኡሙሀኒ ጓሮ ወሰደቻት።

"ወላሂ የኔ እህት፣ ሰሞኑን መኪናው ቀንሷል" አለች ኡሙሀኒ። "ለሁለት ሰው የሚሆን ሥራ የለኝም።"

"ለአንድ ይኖርሻል። ከነገ ጀምሮ እሷ ትምጣ።"

"አንቺስ?"

እናትነሽ ሳፋውን ወደ ሙሉሐረግ ገፋ አደረገችው። ኡሙሀኒም የተላጠ እጇን አየት አድርጋ "አላህ ይወቅልሽ" አለቻት። ሙሉሐረግ አላመሰገነችም፤ ሳፋው ፊት ቁጭ ብላ እጅጌዋን ሰበሰበች። እናትነሽም ምስጋና አልጠበቀችም።

ቤት ስትገባ ራጉኤል ለእሑድ የሚሰብከውን እያነበበ ነበር። መጽሐፉን አስዘግታ ሁሉንም ነገረችው፤ አልጋ ቤቱን፣ አንሶላውን፣ የሙሉሐረግን ልጆች። ሲሰማ ፊቱ አመድ መሰለ።

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ስታለቅስ አየሁህ።"

የተዘጋው መጽሐፍ ላይ አቀረቀረ። የሰበከውን እያስታወሰ እንደሆነ ታውቃለች፤ አሳዘናትም፣ አናደዳትም። በመጨረሻ "እሑድ ቆሜ እናገራለሁ" አለ። "ሁሉንም፣ በሕዝቡ ፊት።"

"ይሁን።"

"ሥራውን ግን ለሷ ለቀቅሽላት?"

"ለቀቅኩላት።"

ራጉኤል ወደ ጓዳው ዞር ብሎ አየ። ከተጋቡ ጀምሮ ጠይቋት የማያውቀውን ነገር ያኔ ጠየቃት።

"እና ነገ ምን እንበላለን?"

"እኔ እንጃ" አለችው።

ተንበረከኩ። ሁልጊዜ ለጸሎት ቃል የማያጣው ራጉኤል መጀመር አቅቶት የተላጠ እጇን አጥብቆ ያዘ። እስከዚያ ቀን ድረስ በዚያ ቤት ነገን የምትፈራው እሷ ብቻ ነበረች።