አየሩ እስኪወጣ፣ አስር ደቂቃ

ባለቤቴ ራጅ አንሺ ነበር። በአንድ ሆስፒታል ምድር ቤት፣ መስኮት በሌለው ክፍል ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት የሰው ደረትና ሆድ ሲያነሳ ኖሮ ባለፈው ዓመት አረፈ። ባልደረቦቹ «አስር ደቂቃ» ይሉት ነበር፤ ፊት ለፊቱ አይደለም፣ ዞር ሲልላቸው ነው። እሱ ግን ያውቅ ነበር። «ከዚህ የባሰ ስም የወጣላቸው አሉ» ይለኝ ነበር።

የስሙ ምክንያት ይህ ነው። ጨጓራ ወይም አንጀት ሲበሳ ውስጡ ያለው አየር አምልጦ ሆድ ዕቃ ውስጥ ይበተናል። በሽተኛው ተኝቶ ራጅ ከተነሳ ያ አየር ተንጣሎ ስለሚቀር ፊልሙ ላይ ላይታይ ይችላል። ቁጭ ካለ ግን ቀስ እያለ ሽቅብ ይወጣና ከጉበቱ በላይ፣ ደረትና ሆድን ከሚለየው ስስ ሥጋ ሥር ይጠራቀማል። ለመውጣት ጊዜ ይፈልጋል፤ ባለቤቴ አስር ደቂቃ ይል ነበር። ሥራ በጀመረ በሦስተኛው ዓመት አንዲት ልብስ ሰፊ ተኝታ አንስቷት፣ ፊልሙ ንጹሕ ነው ተብሎ ወደ ቤቷ ተመልሳ፣ በሦስተኛው ቀን ሞተች። ማንም አልወቀሰውም፤ የታዘዘውን ነው ያነሳው። እሱ ግን ከዚያ ወዲህ ሆዱን ድንገት ያመመውን ሰው ሳያስቀምጥ ሰድዶ አያውቅም።

የማልረሳው የአናጢውን ቀን ነው። ግማሹን ከራሱ፣ ግማሹን ቆይቶ ከአናጢው ሚስት ሰማሁት።

አናጢው ረፋድ ላይ በር እየላገ ሳለ ከእምብርቱ በላይ እንደ ቢላ ወጋው። ለጉልበቱ ሕመም ሲል ለወራት በባዶ ሆዱ ማስታገሻ ሲውጥ ከርሟል። ድንገተኛ ክፍል የተቀበለው ሐኪም ሥራ ከጀመረ ገና ሁለት ወሩ ነው። በሽተኛው እንደማይጮህና እንደማይንፈራገጥ አየና የጨጓራ ቃጠሎ ነው ብሎ ገመተ። ለማረጋገጫ ያህል ተኝቶ የሚነሳ የሆድ ራጅ አዘዘ። ባለቤቴ አነሳው፤ ፊልሙ ንጹሕ ነበር።

«ሽሮፕ እጽፍለታለሁ፤ ወደ ቤቱ ይሂድ» አለ ፊልሙን ሊያይ ወደ ምድር ቤት የወረደው ሐኪም።

«ዶክተር፣ አስቀምጬ ደረቱን ላንሳው።»

«ጋሼ፣ እርስዎ ያንሱ፤ ማንበቡን ለእኛ ይተዉት። ኮሪደሩ ላይ ስንት ሰው እንደቆመ አያዩም?»

«ላንብብ አላልኩም። አስር ደቂቃ ስጠኝ ነው ያልኩት።»

«ሰውየው እኮ ጸጥ ብሎ ነው የተኛው!»

«እኔን ያስፈራኝም እሱ ነው። የኩላሊት ጠጠር የያዘው ሰው አልጋ አይበቃውም፤ ይገለባበጣል። ይሄ ግን ትንፋሹን እንኳ ቆጥቦ ነው የሚስበው። እስቲ ሆዱን ንካው።»

ሐኪሙ እጁን አሳረፈ። አናጢው ጥርሱን ነክሶ፣ «ጣውላ ሆኗል አይደል? መላጊያ ካለህ ላገው፣ ልጄ» አለ። ሐኪሙ አልሳቀም። እጁን ቶሎ አላነሳም።

«አስር ደቂቃ፤ ከዚያ በላይ አንድም አልጨምርም» አለ በመጨረሻ።

ማስቀመጡ ቀላል አልነበረም። የባለጎማው አልጋ መደገፊያ ከተሰበረ ቆይቷል። አናጢው ሲቀመጥ ወደ ኋላው ይንሸራተታል። ባለቤቴ ጫማውን አወለቀ፣ አልጋው ላይ ወጣና ጀርባውን በአናጢው ጀርባ ላይ አስደገፈ። አብራው የመጣችው የአናጢው ሚስት ከፊት ለፊት ሁለት እጁን ያዘች። ዓይኖቻቸው ሁሉ የግድግዳው ሰዓት ላይ ሆኑ።

ስድስተኛው ደቂቃ ላይ አናጢው፣ «አስተኛኝ፤ በፈጠረህ አስተኛኝ» አለ። ሚስቱ ገነፈለች።

«አንተ ሰው አይደለህም እንዴ? ሰው ሲሰቃይ ጀርባህን ሰጥተህ ትቀመጣለህ?»

«ጀርባዬን ባልሰጠው መች ይቀመጥ ነበር፣ እህቴ?»

«ዶክተሩ እንኳ ይሂድ ብሎ ነበር!»

«አሁን ከተኛ እንደገና ከአንድ ነው የምንጀምረው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ። አራት ናት የቀረችን።» ከዚያ ወደ ኋላ አንገቱን መለስ አድርጎ፣ «አንተ ወንድሜ፣ በዕድሜህ ስንት በር ሠራህ?» አለው።

«እንጃ… ብዙ።»

«ቁጠርልኝ።»

«አሁን?»

«ሌላ ሥራ አለህ እንዴ?»

አናጢው እያቃሰተ ጀመረ። የእህቱ ጓዳ፣ የትምህርት ቤቱ ቢሮ፣ ገንዘቡን የካደው ሀብታም ግቢ። እዚያ ላይ ስድብ ጨመረበት። አሥራ አንደኛው በር ላይ አስር ደቂቃው ሞላ።

አሁን ባለቤቴ ወደ ማሽኑ መሄድ ስላለበት የሚደግፍ ሰው ጠፋ። ሐኪሙ ማንም ሳይነግረው ከባዱን የጨረር መከላከያ ሽርጥ ከግድግዳው አውርዶ ለበሰና አናጢውን በትከሻው ያዘው።

ባለቤቴ ፊልሙን አጥቦ ወጣ። መብራቱ ላይ ሰቀለው፣ ፈንጠር ብሎም ቆመ። በቀኝ በኩል፣ ከጉበቱ በላይ፣ የጥፍር ቁራጭ የምታህል ጥቁር የአየር ቅስት ነበረች። ሐኪሙ ጠጋ ብሎ አየ። ከዚያ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለ ቀዶ ሐኪሟን ሊጠራ ሮጠ። እሷም ፊልሙን አየች፣ የአናጢውን ሆድ አንድ ጊዜ ዳሰሰች፣ «የቀዶ ጥገናውን ክፍል አዘጋጁ» ብላ ወጣች።

ኮሪደሩ ላይ ተራ የምትጠብቅ አንዲት እናት ባለቤቴን ቆጣ ብላ፣ «ለአንድ ሰው ይሄን ያህል?» አለችው።

«እርስዎንም ሆድዎን ካመመዎት ከዚህ አያንስም፣ እናቴ» አላትና የሚቀጥለውን ስም ጠራ።

ወረፋው እስኪያልቅ ከክፍሉ አልወጣም። ከዚያ ወገቡን እየያዘ ወደ ላይኛው ፎቅ ወጣ። የአናጢው ሚስት የቀዶ ጥገናው ክፍል በር ላይ ቆማ ነበር። ምስር የምታህል ቀዳዳ ጨጓራው ላይ አግኝተው እንደሰፉ፣ ሆዱንም እንዳጠቡ ነገረችው። ስለ ስድቧ አላነሳችም፤ እሱም ይቅርታ አልጠበቀም።

«አሁን እንዴት ነው?» አላት።

«ተኝቷል።»

«እንግዲህ ይተኛ» አለና ደረጃውን ወረደ።