የአጎቴ ዳና ሰንጋና የአዲስ አበባዋ እንግዳ

ባለፈው ሰሞን ሶዶ ውስጥ አዲስ ከተከፈተ አንድ ሆቴል ገብቼ ጥሬ ሥጋ ባዝ፣ ክራባት ያሰረ አስተናጋጅ ዳጣውን ከጥፍር በማትሰፋ ሳህን አምጥቶ «ይሄ ዳጣ ይባላል፣ ያቃጥላል፣ ቀስ ብለው ይሞክሩት» ሲል አስጠነቀቀኝ፤ እኔን፣ ጥርስ ሳላወጣ ዳጣ የላስኩትን! የሚገባውን ልነግረው አፌን ስከፍት ግን የእርጥብ ቃሪያው፣ የዝንጅብሉና የነጭ ሽንኩርቱ ሽታ አፍንጫዬ ገባና ነገሩን ረሳሁት። ሐሳቤ ዳሞታ ተራራ ወገብ ላይ ወዳለው ወደ አጎቴ ወደ ዳና ቤት ሄደ።

ዘመኑ የኢሕአዴግ ነበር፣ እኔም ስምንተኛ ክፍልን ጨርሼ የትምህርት ቤት መከፈትን የምጠብቅ ልጅ ነበርኩ። ከተማው ከስብሰባ ወደ ግምገማ፣ ከግምገማ ወደ ስብሰባ እየተመላለሰ ይኖራል፤ አባቴም እጅ ለማጨብጨብ ከሁሉ የሚቀድም፣ ሐሳብ ለመስጠት ከሁሉ የሚዘገይ የዞን ሠራተኛ ነበር። በዚያ መስከረም ከአዲስ አበባ አንድ ትልቅ ሰው ለስብሰባ ሲመጡ ልጃቸውን ሜላትን ይዘው መጡ፤ ወደ አዲስ አበባ መዛወር ሌት ተቀን የሚያልመው አባቴም ልጅቷ እኛ ቤት ትረፍ ብሎ ለምኖ አመጣት። «ከዛሬ ጀምሮ ጓደኛሽ ናት» አለኝ። ጓደኝነት እንደ መመሪያ ከላይ ሲወርድ ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

አባቴ እንግዳዋን ያስጎበኘው አስፋልቱን፣ የባንኩን ፎቅና የሚሰበሰቡበትን አዳራሽ ነበር። ከአዲስ አበባ ለመጣች ልጅ አስፋልት! ሜላት እያዛጋች ከጨረሰች በኋላ «ሀይኪንግ ነው የምፈልገው» አለች፤ አባቴም ያን ዕድሜውን ሙሉ ጭቃውን ከተረከዙ ፍቆ ሊያስለቅቅ የደከመበትን ተራራ እንደ ትልቅ ርስት እየጠቆመ «ዳሞታ የኛው ነው፣ ልጄ ትወስድሻለች» ብሎ ተኮፈሰ።

እሱ ራሱ ግን ከወጣው ዓመታት አልፈው ነበር። ቤታችን የተመረቀ ዕለት ታላቅ ወንድሙ ዳና በጭቃ እግሩ፣ ቆጮ ተሸክሞ ሲመጣ፣ የመሥሪያ ቤት ሰዎች እንዳያዩት ብሎ ወጥ ቤት አስቀመጠው። ዳና ቆጮውን አስረክቦ ሳይበላ ወጣ፣ ከዚያ ወዲያ ደጃችንን አልረገጠም። በዚያ ዓመት ግን መልእክት ላከ። የወላይታ ዘመን መለወጫ ጊፋታ ደርሷል፣ ተጣልቶ ጊፋታን መሻገር ነውር ነው፤ «ሰንጋ አድልቤያለሁ፣ ወንድሜ መጥቶ ቢላውን ይያዝና ቂማችንን አብረን እንረድ» የሚል ነበር። አባቴ እሺም እንቢም አላለም፤ እናቴ ግን የጭቃ ቦቲውን ከአልጋ ሥር አውጥቶ ሲወለውል አይታው ስለነበር፣ ለዕለቱ የሚሆን ቅቤ በድብቅ ማጠራቀም ጀመረች።

ከሜላት ጋር ተራራውን ጀመርን። ነጭ ሸራ ጫማ አድርጋ ነበር፤ በክረምቱ ማግሥት፣ በዳሞታ ጭቃ! በየእርምጃው «ደረስን?» ትላለች፣ ሸክም አዝለው ወደ ገበያ የሚወርዱ ሴቶች ቆመው ሰላም ሲሏት ሰላምታውን ትታ ፎቶ ታነሳቸዋለች። ከእንሰቱና ከባሕር ዛፉ በላይ ስንወጣ አባያ ሐይቅ ከታች ተዘርግቶ ቢታይ፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ «ቡናማ ነው እንዴ? የላንጋኖው ይሻላል» አለች። ላንጋኖም ቡናማ መሆኑን ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው፤ ያኔ ግን በሐይቃችን አፈርኩ።

አጎቴ ደጁ ላይ ጠበቀን። «ልጄ፣ ና ግባ፣ አትፍራ» አላት በዚያ ሴትና ወንድ በማይለየው አማርኛው፤ እሷም አፏን ይዛ ሳቀች። እኛ ዘንድ የሚደልብ በሬ ከጓሮ አይወጣም፣ ከቤቱ ውስጥ ጨለማ ጋጣ ታስሮ የበቆሎ አገዳና የስኳር ድንች ሐረግ በእጅ እየጎረሰ ወራት ይቀመጣል፣ ለባዕድም አይታይም፣ ዓይን ይበላዋል ተብሎ። ዳና ግን ከወንድሙ ቤት የመጣ እንግዳ ባዕድ አይደለም አለና መከለያውን ገለጠላት። እኔ የጎኑን ስፋት ገና ሳላይ ሜላት ካሜራዋን አውጥታ በበሬው ፊት ላይ አበራችበት።

በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ ይባላል፤ ያ ምስኪን ግን ሳርም አላየ፣ ወራት ጨለማ የለመደ ዓይኑን ብልጭታ መታው። ገመዱን በጥሶ፣ መከለያውን ጥሎ፣ እኛንም ለትንሽ ስቶ ወጣና እንሰቱን እየደረመሰ ቁልቁል ተንከባለለ። ከሸለቆው ስንደርስ የፊት እግሩ ተሰብሯል። ዳና ጎረቤቶቹን ጠርቶ እዚያው አረደው፤ እንዲህ ያለ ጉዳት ሲደርስ እንደሚደረገው ሁሉም ሥጋውን እየገዛ ተከፋፈለለት። አንድም ክፉ ቃል አልወጣውም። ሽንጡን መርጦ በኮባ ቅጠል ጠቀለለ፣ ሚስቱ አስቴር ዳጣ ጨመረችበት፣ ለኔም ሰጠኝና በወላይትኛ «እንግዳዋ ደንግጣለች፣ ትብላ፤ ለወንድሜም ንገሪው፣ በሬው ቢቀርም እሱ አይቅር» አለኝ።

አባቴ ይህን ስነግረው መጀመሪያ የጠየቀው «ሜላትን አልነካትም?» ብሎ ነው፣ ቀጥሎም «እሱ ማን አሳይ አለው!» አለ። ማታ ትልቁ ሰውዬ፣ የሜላት አባት፣ ለራት ሲመጡ ሽንጡ ቀረበ፤ አባቴም ከማን እንደመጣ ሲጠየቅ «ከደንበኛዬ ሥጋ ቤት ነው» አለ። ሜላት ቀና አለች፣ ዓይን ለዓይን ተያየን፣ ከዚያም «ዳጣ ጨምሪልኝ» አለችኝ። እውነቱን እያወቀ ዳጣ የሚያስጨምርን ሆድ ከመናቅ በቀር ምን ይደረግለታል?

ጊፋታ ደረሰ፣ ልጆች ችቦ ይዘው «ዮዮ ጊፋታ» እያሉ በደጃችን አለፉ። እናቴ አባቴን ወደ ወንድሙ እንዲሄድ ለመነችው። «በሬው የለ፣ ምን ልሠራ እሄዳለሁ?» አላት፣ የተጣላው ከበሬው ጋር ይመስል። ዳና ያን ቀን እስኪመሽ ሳይበላ ቁልቁል መንገዱን ሲያይ እንደዋለ የሰማነው ዘግይተን ነው። አባቴ የተመኘው ዝውውርም ለሌላ አጨብጫቢ ደረሰ።

አባቴ ዳሞታን የወጣው ለዳና ቀብር ነው። ከሁሉ በላይ ጮኾ አለቀሰ፤ የተራራው ሰው ልቅሶ አይንቅምና ደግፈው ወደ ቤት አስገቡት፣ እሱም ዳናም ወደተወለዱበት ቤት። ቤቱ በወላይትኛ ይንሾካሾካል፣ ሟችን በወላይትኛ ያነሳል። አስቴር ግን የእጅ ውሃ ይዛ ከፊቱ ቆመችና፣ ለግብር ሰብሳቢና ለመንገደኛ ብቻ በምታወጣው አማርኛዋ፣ አንገቷን ሰበር አድርጋ «ጋሼ፣ እንግዳ አይቆምም፣ ይቀመጡ» አለችው።