ከሽንኩርት መደብ ወደ አምቡላንስ

የልጅ ልጆቼ «እማማ፣ ሽንኩርት ከመሸጥ ተነስተሽ አምቡላንስ ላይ እንዴት ወጣሽ?» እያሉ ስለነዘነዙኝ፣ የመጀመሪያውን ቀን መንገዴን ልንገራችሁ። ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም፤ ፊደል የቆጠርኩት ከእነሱ ጋር ነው፤ አጻጻፌን እለፉት።

ጠዋት፣ ሀና ማርያም

መደቤን ለጎረቤቴ አደራ ብዬ ወጣሁ። ጎፋ የድንገተኛ ሕክምና ረዳቶች በነፃ ይሰለጥናሉ ሲባል ሰምቼ ነበር። ገበያ ላይ ሰው ሲወድቅ ከብበን እንጮሃለን እንጂ የሚደረገውን የሚያውቅ አልነበረንም፤ የሄድኩት ለዚህ ነው። ወያላው «እናቴ፣ ጠጋ ጠጋ» እያለ የሦስት ሰው ወንበር ላይ አራተኛ አደረገኝ። መንገዱ ተቆፍሮ አቧራ በአቧራ ነው። እኔ ግን መንገድ ደስ ይለኛል፤ በፎቆቹ መሀል የቀረች አንዲት የጤፍ ማሳ እያየሁ ደረስኩ።

ጎፋ

አሰልጣኟ ገና ልጅ ናት። የላስቲክ ሰው ወለል ላይ አጋድማ ደረቱን አስጫነችን።

«እማማ፣ ጠንከር አድርገው ይጫኑ።»

«ጎኑ ቢሰበርስ?»

«ከመሞት ይሻለዋል።»

ሳቅን። ምሳ ሽሮ በልተን ስንመለስ ስለሚጥል በሽታ አስተማረችን። ክብሪት ጭሮ ወደ ታማሚው አፍንጫ ማስጠጋት የለም፤ አፍ ውስጥም ምንም አይከተትም። ጭንቅላቱ ስር ለስላሳ ነገር አድርጎ በጎኑ ማስተኛት ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ክብሪት ሲጫር ያየሁ ሴትዮ፣ ልቤ እሺ አላለም።

መመለሻ፣ ለቡ መብራት ኃይል

ታክሲው ለቡ መብራት ኃይል ሲደርስ ከፊቴ የተቀመጠችው ልጅ ተንቀጥቅጣ ወደቀች። ሹፌሩ ዳር ያዘ። ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ ክብሪት ጭረው ወደ አፍንጫዋ አስጠጉ።

«ጋሼ፣ ይተዉት፣ ፊቷን ያቃጥሏታል።»

«አንቺ ሴትዮ ምን ታውቂያለሽ?»

«ዛሬ ተምሬ መምጣቴ ነው። ጋቢዎን ይስጡኝ።»

ክብሪቱን አጥፍተው ጋቢያቸውን አወለቁ። ጋቢውን ጭንቅላቷ ስር አድርጌ በጎኗ አዞርኳት። ከኋላ «ልትገድላት ነው» የሚል ሰማሁ። አሰልጣኟ ተሳስታ ቢሆንስ? ልጅቷ እጄ ላይ ናት። ብቻ አልነካካኋትም፤ ጠበቅሁ። መንቀጥቀጡ ቀስ እያለ ተዋትና ዓይኗን ገለጠች።

ሽማግሌው ወልቆ የወደቀ ጫማዋን ይዘው ቆመዋል።

«ትድናለች?»

«ነቃች እኮ፣ ጋሼ።»

ቤቴ ስደርስ ጎረቤቴ «ነገም ትሄጃለሽ?» አለችኝ። እሄዳለሁ አልኳት። አንዳንዴ እጅን መሰብሰብም እርዳታ መሆኑ የገባኝ ያን ቀን ነው። ስልጠናውን ጨርሼ አምቡላንስ ላይ ረዳት ሆንኩ፤ መደቡን ለእሷ ተውኩላት።

ከዓመታት በኋላ ያቺ ልጅ ሕፃን አዝላ ገበያ ላይ አገኘችኝ። እንደነገረችኝ፣ እኚያ ክብሪት የጫሩት ሽማግሌ አባቷ ነበሩ፤ በሽታዋ ታውቆ ባል እንዳታጣ ፈርተው ታክሲ ውስጥ ተለያይተው ይቀመጡ ኖሯል።