«አይባልም» እስኪሉኝ ድረስ

ስድስት ወር ሙሉ ሸጎሌ ስመላለስ አንድም ቀን «ተሳስተሻል» ያለኝ አልነበረም። እኔ ሞኟ ጎበዝ ስለሆንኩ መስሎኝ ነበር።

ለሦስተኛ ዲግሪዬ የማጠናው የአማርኛና የስልጢኛ ዓረፍተ ነገር እንዴት እንደሚዋቀር፣ አወቃቀሩ ሲለወጥ ትርጉሙ ምን እንደሚሆን ነው። ጉለሌ ተወልጄ ስላደግኩ ስልጢኛ የሚያውቅ ሰው ፍለጋ ሩቅ መሄድ አላስፈለገኝም። ሸጎሌ ታክሲ መያዣው አጠገብ ሱቅ ያላቸውን፣ ከልጅነቴ ጀምሮ ለአባቴ ስኳርና ሳሙና የሚሸጡትን ስልጤውን ሐጂ እንዲያግዙኝ ለመንኳቸው። «እሺ ልጄ» አሉኝ።

አሠራሩ ቀላል ነው። ደህናውን ዓረፍተ ነገር ሆን ብዬ ካበላሸሁት ጋር እየቀላቀልኩ አነባለሁ፤ እሳቸው የሚባለውንና የማይባለውን ይለዩልኛል። የማይባለው ካልታወቀ ጥናቱ ባዶ ነው። ሐጂ የስኳር ጆንያ ላይ አስቀምጠውኝ፣ ደንበኛ እያስተናገዱ፣ ያነበብኩትን ሁሉ «ጥሩ ነው፣ ይባላል» ይሉኛል። እኔም እጽፋለሁ።

አማካሪዬ ደብተሬን ገልጠው ገልጠው ሲያበቁ፣ እኚህ ሰው አንድም ቀን አይሆንም አላሉም ወይ ብለው ጠየቁኝ። ክው አልኩ። ጥናቴን በፈታኞች ፊት ለመከላከል አራት ወር ቀርቶኛል፣ በእጄ ያለው ግን የማይረባ ወረቀት ነው። እኔ ደግሞ ቶሎ የምግል ሰው ነኝ፤ ደሜ እንደፈላ በቀጥታ ወደ ሱቁ ወረድኩ።

ሐጂ ለሶላት ወጥተው ሱቁን የያዘችው ሴት ልጃቸው ነበረች። ስነግራት በሳቅ ሞተች። ለካ አባቷ ራት ላይ የእኔን ዓረፍተ ነገሮች እየደገሙ ቤተሰቡን ሲያስቁ ከርመዋል! ታዲያ ለምን አልነገሩኝም ብዬ ጮኽኩባት።

«የሰው ልጅ ቋንቋችንን ልወቅ ብላ ስትለፋ እንዴት አሳፍራታለሁ ነው የሚለው» አለችኝ።

ንዴቴ እዚያው በረደ። እናቴ ቤትስ ቢሆን ጨው የበዛበት ወጥ የበላ እንግዳ «ይጣፍጣል» ብሎ አይደል የሚሄደው? ይሉኝታን በመጽሐፍ ሳይሆን በአጥንቴ የማውቅ የጉለሌ ልጅ ሆኜ ይህን አለማሰቤ አሳፈረኝ።

በማግስቱ ይባላል ወይ ብሎ መጠየቅ ተውኩ። ልጅዎ እንዲህ ብላ ብታወራ ዝም ይሏታል ወይ አልኳቸው። ትንሽ አሰብ አደረጉና ኧረ አልለቃትም አሉ። ከዚያ በኋላማ ማን ያቁማቸው! ሸማች አስቁመው ያርሙኝ ጀመር። ሁሉንም ከሀ ጀምረን እንደገና ሠራነው፤ ደብተሬ በቀይ እስክሪብቶ ተዥጎረጎረ።

ጥናቴን የምከላከልበት ቀን ሐጂ ነጭ ቆባቸውን አድርገው መጥተው ከኋላ ተቀመጡ። ሁሉም ደህና ሲሄድ ከቆየ በኋላ አንዱ ፈታኝ ተነሡ። ራሳቸው ያቀናበሩትን የስልጢኛ ዓረፍተ ነገር ሰሌዳ ላይ ጻፉ፣ ጮክ ብለው አነበቡት፣ ይህ የሚባል ስለሆነ ድምዳሜሽ አይቆምም አሉኝ። እንደማይባል አውቄያለሁ። ግን ስልጢኛ አፌን የፈታሁበት ቋንቋ አይደለም፤ ከእኔና ከእሳቸው ማን ይታመናል?

ከኋላ ወንበር ሲንቋቋ ሰማሁ። ሐጂ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ቆመዋል።

«ጌታዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አሉ። «እንደሱ አይባልም።»

ፈታኙ ሰሌዳውን ጠረጉ። ቀጣዩን ጥያቄ ሲጠይቁኝ፣ በኩራት ቀና ብዬ መለስኩላቸው።