የመንገደኛ ቅቤ

ከዚያ ቅዳሜ በፊት አፍንጫዬ ያኮራኝ ነበር። ሮም ውስጥ የምግብ ቴክኖሎጂ በምማርበት ዩኒቨርሲቲ የቅምሻ ቡድን የሚባል አለ። ተማሪዎች ወይራ ዘይት፣ ማርና አይብ እየቀመሱ የጥራት ነጥብ ይሰጣሉ፤ ከሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎች ጋርም ይወዳደራሉ። ሕጉ ቀላል ነው። ያንኑ ምግብ አስቀድመው የቀመሱ አዋቂ ዳኞች የሰጡት ነጥብ አለ፤ ተማሪው ከነሱ በራቀ ቁጥር ቡድኑ ይቀጣል። እኔ እንዲህ ነው የምወደው ብሎ ነገር አይሠራም። ጥሩው ጥሩ ነው፣ የተበላሸውም የተበላሸ ነው።

ወይራ ዘይት ላይ የሚደርስብኝ አልነበረም። ፍሬው ከመጨመቁ በፊት ተከምሮ ከከረመ ገና ክዳኑን ስከፍት አውቀዋለሁ። የቡድናችን አለቃ አያቶቹ የወይራ እርሻ ያላቸው የሮም ልጅ ነው፤ እሱ እንኳ ነጥብ ከመጻፉ በፊት በዓይኑ እኔን ይፈልግ ነበር። ያ አስተያየቱ ደስ ይለኛል፣ ለምን እዋሻለሁ። እዚሁ ሮም ተወልጄ፣ እዚሁ ተምሬ፣ ሰው ሁሉ "ለመሆኑ ከየት ነሽ?" ሲለኝ የኖርኩ ልጅ ነኝ። በምላሴ ብቻ የምመዘንበት ቦታ ሳገኝ ከማን አንሼ አልኩ።

እናቴን ወደ ውድድሩ የጋበዝኳት ራሴ ነኝ። እናቴ የሆስፒታል አስተርጓሚ ናት። ከአዲስ አበባ ከመጣች ጀምሮ በሐበሻ ሕመምተኛና በጣሊያን ሐኪም መካከል ቆማ አንዱ ያለውን ለሌላው ታደርሳለች። በሥራዋ አትጨምርም፣ አትቀንስም። ችግሩ ቤትም ያው መሆኗ ነው። ስለ ጎረቤታችን "ትንሽ ወፈር ብላለች" ብዬ ሳላበቃ "ትንሽ አይደለም" ትለኛለች።

ለቀማሾች የተሰጠውን ሕግ፣ ሽቶ እንደማይቀባ፣ ቡና እንደማይጠጣ፣ ስነግራት ሰምታ ኖሮ ያን ቀን ጠዋት ከሰፈራችን ከኤስኲሊኖ ትራም ስንሳፈር ሽቶ ሽቶ አልሸተተችም። እናቴ ያለ ሽቶ ከደጅ አትወጣም።

"ሕጉ ለኛ እንጂ ለተመልካች አይደለም እኮ፣ እማዬ" አልኳት።

"ወደ አንቺ ቢነፍስስ?" አለችኝ።

በዚያ ዓመት ከሚቀመሱት መካከል ቅቤ ተጨምሮ ነበር። ቡድኑ ቅቤ በተለማመደበት ቀን እኔ ጉንፋን ይዞኝ ቤት ቀረሁ። አልደነገጥኩም። የሐበሻ ልጅ ሆኜ ቅቤ ልፈራ?

ቤታችን የሚገባው ቅቤ ከአዲስ አበባ የሚመጣ ነው። አክስቴ፣ የእናቴ ታላቅ እህት፣ ገዝታ፣ በኮረሪማና በኮሰረት አንጥራ፣ በጣሳ ታሽገዋለች። ከዚያ መንገደኛ ይፈለጋል። ካስትሮ ፕሬቶሪዮ ካሉት የሐበሻ ካፌዎች በአንዱ እገሌ ሊሄድ ነው፣ እገሊት ልትመለስ ነው የሚል ወሬ ይሰማና እናቴ ስልክ ትደውላለች። አንዱ ሻንጣዬ ሞላ ይላል፣ ሌላዋ ጉዞዋን ታራዝማለች፣ ጣሳው አክስቴ ቤት ቁጭ ብሎ ተራውን ይጠብቃል። ሮም ሲደርስ ደግሞ እናቴ አትደፍረውም። ለበዓል፣ ለእንግዳ፣ ለታመመ እያለች በማንኪያ ጫፍ ታወጣዋለች፤ ክዳኑን ገጥማም ኩሽና ካለው ቁም ሳጥን አናት ላይ ትመልሰዋለች። ጣሳው ሲከፈት የሚወጣው ሽታ ጉሮሮ ላይ ያዝ ያደርጋል። በዓል መሆኑን የማውቀው በሱ ነበር። ስታመም የሚሠራልኝ ገንፎ ላይም እሱ አለ። የሱፐርማርኬቱን ቅቤ፣ ያንን ዳቦ ላይ የሚቀባ ነጭ ነገር፣ ከቅቤ አልቆጥረውም ነበር።

ውድድሩ ላይ ቁጥር የተለጠፈባቸው ትንንሽ ኩባያዎች፣ አፍ ማጠቢያ የፖም ቁራጭና ውሃ ቀረቡልን። የመጀመሪያው ቅቤ ወተት ወተት ይላል፣ ሌላ ምንም የለውም። ሁለተኛውም የሱ ወንድም ነው። ሦስተኛውን አፌ ውስጥ ሳቀልጠው ዓይኔ በራሱ ተከደነ። ኮረሪማው የለም፣ ኮሰረቱም የለም፤ ከሥሩ ያለው ግን ያው የማውቀው ነው። ሙሉ ነጥብ ሰጠሁት። አስተያየት መጻፊያው ላይም "ጥልቀት ያለው፣ የበሰለ፣ ቶሎ ከአፍ የማይጠፋ" ብዬ አሳምሬ ጻፍኩ።

ከሰዓት በኋላ ቤተሰብ የተቀመጠበት አዳራሽ ገብተን ውጤት ስንጠብቅ ዋናው ዳኛ፣ ሽበታም ረጅም ሰው፣ ስለ እያንዳንዱ ኩባያ ማስረዳት ጀመሩ። ሦስተኛው ቅቤ ጋ ሲደርሱ ፈገግ አሉ።

"ይህን ሆን ብለን ያበላሸነው ነው፤ ከማሞቂያ አጠገብ አስቀምጠን አከረምነው። በዚህ የሚሳሳት አይኖርም ብለን ነበር። አንድ ተማሪ ግን ሙሉ ነጥብ ሰጥቶታል።" መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ። "ጥልቀት ያለው፣ የበሰለ፣ ቶሎ ከአፍ የማይጠፋ።"

አዳራሹ ሳቀ። እውነት ነው፣ ሌላ ሰው ጽፎት ቢሆን እኔም እስቅ ነበር። ስሜን አልጠሩም፤ የቡድናችንን ቁጥር ግን ጠሩ፣ አለቃችንም ወደ እኔ ዞረ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እያልኩ ጫማዬን አየሁ። እናቴ ከኋላ እንደተቀመጠች ትዝ ሲለኝ ደግሞ ባሰብኝ።

ያኔ አሠልጣኛችን ብድግ አሉ። ደግ ሴት ናቸው፤ የምናገረው በክፋት እንዳይመስል።

"አንድ ነገር እንዲታይልን" አሉ። "የተማሪያችን ቤተሰብ ከኢትዮጵያ ነው። እዚያ ቅቤ የሚወደደው እንዲህ ሆኖ ነው። ይህ የባህል ልዩነት እንጂ ስሕተት አይደለም።"

ሳቁ ቀጥ አለ። አሁን ሁሉም በአዘኔታ ያዩኝ ጀመር። ዋናው ዳኛ "እውነት ነው?" ብለው ጠየቁኝ።

ኢትዮጵያን የማውቃት በልጅነቴ በሄድኩበት አንድ ክረምት ብቻ ነው። ቢሆንም "አዎ፣ እኛ ጋ እንዲህ ነው" አልኩ። ውሸት አልመሰለኝም። ያደግኩበት ነዋ። ግን የአንድ አገር ሰው ሁሉ ወክሎኝ የመጣሁ ይመስል አፌን ሞልቼ መናገሬ አሁንም ሳስበው ያቃጥለኛል።

ዳኞቹ ጭንቅላታቸውን አቀራርበው ተንሾካሾኩ። ቅጣቱ ከተነሣልን አንደኛ ነን፤ ሰሜን ጣሊያን ወደሚካሄደው ፍጻሜም እንሄዳለን። አለቃችን ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። የቀናን መስሎኝ ቀና ስል "ፔርሜሶ፣ አሳልፉኝ" እያለች በሰው ጉልበት መካከል የምታልፍ ሴት አየሁ። እናቴ ናት።

ጠረጴዛው ጋ ደርሳ ያንን ቅቤ መቅመስ ይቻል እንደሆነ በትሕትና ጠየቀች። ማንኪያ ሰጧት። ቀመሰች፣ ማንኪያውን አስቀመጠች፣ ከዚያም በዚያ በሆስፒታል ጣሊያንኛዋ፣ ጥርት ባለው፣ ተናገረች።

"ይቅርታ አድርጉልኝ፤ የተባለው ትክክል አይደለም። እኛ አገር ለጋ ቅቤ አለ፣ መካከለኛ አለ፣ በሳል አለ፤ ሁሉም ወዳጅ አለው። ይሄ ግን ከሦስቱም አይደለም። የተበላሸ ቅቤ ነው። ይሄን እንኳን ሊበሉት ራስም አይቀቡት።"

አሠልጣኛችን ፊታቸው ቀላ። ዋናው ዳኛ ግን ራሳቸውን ነቀነቁና ያለ ምንም ተንኮል ጠየቁ።

"ታዲያ ልጅዎ ይህን ጣዕም ከየት ለመደችው?"

እናቴ ልትመልስ አፏን ከፈተችና ቆመች። እናቴን ቃል ሲያጥራት አይቼ አላውቅም። ዞራ አየችኝ፤ ነገሩ ምን እንደሆነ ያን ጊዜ ሲገባት ፊቷ ላይ አየሁት። ማንኪያውን አነሣችው፣ መልሳ አስቀመጠችው።

"ከቤቴ" አለች።

አልጨመረችም፣ አልቀነሰችም። ቦርሳዋን ደረቷ ላይ ይዛ ወደ ቦታዋ ስትመለስ የሳቀ ሰው የለም። ቢስቁ ይሻለኝ ነበር።

ቅጣቱ ጸና፤ ወደ ፍጻሜው ሌላ ቡድን አለፈ። አለቃችን "ቫ ቤኔ፣ ይሁን" አለኝ፣ ስልኩን እያየ። ወይራ ዘይት ላይ ያገኘሁትን ነጥብ ያነሣ አልነበረም።

ትራም ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን እኔ በመስኮት አያለሁ፣ እሷ እጇን። እኔ ነኝ መቻል ያቃተኝ።

"ዝም ብትዪ ምን ነበረበት?"

"አገር ሙሉ ሰው የተበላሸ ይበላል ሲባል ዝም ልበል?"

"እኔስ? እኔን በሰው ፊት..."

"አንቺን አይደለም" አለች። "ራሴን ነው ያዋረድኩት።" አሁንም እጇን እያየች "ሁልጊዜም የእህቴ ቅቤ ሲደርስ እንደዚያ ነበር" አለች።

"ታውቂ ነበር?"

"እንዴት አላውቅም? ግን እህቴ በእጇ ያነጠረችው ነው። ስንት ሰው ለምኜ ያስመጣሁት። እና ይጣል? በርበሬው ይሸፍነዋል እያልኩ... ደግሞ አንቺ ትወጂው ነበር። ማንኪያውን ስትልሺ ደስ ይለኝ ነበር።" ድምፅዋ ተሰበረ። "አሎራ፣ እንግዲህ ልጄን የተበላሸ አብልቼ አሳደግኩ ማለት ነው።"

ቁጣዬ በአንድ ጊዜ ሟሸሸ፤ በሱ ቦታ የመጣው ኀፍረት ነው፣ ያውም ከአዳራሹ የባሰ። እዚያ ያፈርኩት ለራሴ ነበር። እናቴን ያኔ ማቀፍ ነበረብኝ። ትራሙ ውስጥ ሰው ነበር፣ እኔም መስኮቱን ማየት ቀጠልኩ።

ቤት እንደገባን ኮቷን ሳታወልቅ ጣሳውን አውርዳ የቀረውን ገልብጣ ጣለችው። ከዚያ ለአክስቴ ደወለች። ምን እንደደረሰ አልነገረቻትም፤ "ስታነጥሪ መንገደኛው አውሮፕላን ሊገባ ሲል ይሁን" ብቻ አለቻት። መጪውን መንገደኛ ለማግኘት ካፌውን እየተመላለሰች ጠየቀች፣ የማታውቀውን ሰው ሁሉ ለመነች። እናቴ ሰው መለመን እንዴት እንደምትጠላ እኔ ነኝ የማውቀው። የነቢያት ጾም ሳይገባ አዲስ ጣሳ መጣ።

ኩሽና ቆመን ከፈተችው። መልኩ ወርቅ የመሰለ፣ ሽታው ኮረሪማ፣ ከሥሩም ንጹሕ ሣር ሣር የሚል። ማንኪያ ሞልታ ሰጠችኝ።

"ቅመሺ" አለች። "ቅቤ ይሄ ነው።"

እንደተማርኩት ምላሴ ላይ አሟሟሁት፣ በአፍንጫዬም አወጣሁት። አንድ እንከን የለውም። ውድድሩ ላይ ቢቀርብልኝ ሙሉ ነጥብ እሰጠው ነበር፣ ዋናው ዳኛም ይስማሙ ነበር። ያንን ያዝ የሚያደርገውን ነገር ጉሮሮዬ ላይ ጠበቅኩት። አልመጣም።

"በጣም ጥሩ ነው" አልኩ።

"እንደ ዳኛ አይደለም የጠየቅኩሽ።"

ፊቴን አንብባ ማንኪያውን ተቀበለችኝና ራሷ ቀመሰች። ከንፈሯን ገጥማ፣ የጠፋባትን ቁልፍ በቦርሳዋ ውስጥ እንደምትፈልግ ሰው፣ ረጅም ጊዜ ቆየች። ከዚያ ፊቷ ላይ እኔ የማውቀውን ኀፍረት አየሁ፤ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ቆማ የመሰከረችለትን ጣዕም የእሷም ምላስ ረስቶታል። እኔ ወደ መስኮቱ ዞርኩ፣ እሷ ወደ ጣሳው።

ክዳኑን በመዳፏ ጫን ጫን አድርጋ ገጠመችው።

"እስኪ ትንሽ ይቆይ" አለች።

ወንበር ስባ ቁም ሳጥኑ አናት ላይ አወጣችው። እኔ ወንበሩን ያዝኩላት።