የስማዳዋን የሌሊት ወፍ ለማሳተም

ከአዲስ አበባ የተነሳሁት ለአንዲት የሌሊት ወፍ ስል ነው። ሰው ሲጠይቀኝ "ለመስክ ሥራ" እላለሁ፤ እውነቱን ብናገር ማን ያምነኛል? ባለፈው በጋ ስማዳ ውስጥ አንዲቱን ይዤ ለክቼ፣ ማቆያ መድኃኒት ስላልነበረኝ ለቅቄያት ነበር። በመጻሕፍት ብፈልግ አምሳያዋን አጣሁ። ጽፌ ውጭ አገር ላለ የእንስሳት ሳይንስ መጽሔት ላክሁ። ገምጋሚዎቹ ሁለት ነገር ጠየቁ፤ በአልኮል የተቀመጠ ናሙናና የተገኘችበትን ቦታ ትክክለኛ ስም። ያለዚያ አይታተምም። ሌላ ሰው ቢቀድመኝስ? ይህ ሐሳብ እንቅልፍ ነሳኝ።

መካነ ኢየሱስ

ከደብረ ታቦር በተሳፈርኩበት አውቶቡስ ላይ ፈታሹ ጠርሙሴን አገኘው።

"ይሄ ምንድን ነው ጓድ?"

"አልኮል ነው። ለእንስሳ።"

"እንስሳውም ይጠጣ ጀመር?"

ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ፤ እኔ አልሳቅሁም። ፈታሹ አሽትቶ ፊቱን አጨማደደና መለሰልኝ።

መካነ ኢየሱስ ስደርስ ወደ ስማዳዋ ከተማ ወደ ወገዳ የሚሄድ መኪና የለም። ሽሮዬን ቆሜ ስበላ የምግብ ቤቱ ባለቤት "ምነው ቢቀመጡ? ወንበሩ አይነክስዎትም" አሉኝ። በማግስቱ ሙሐመድ የሚባሉ ጨው ነጋዴ ከጆንያዎቻቸው ላይ ጫኑኝ። መኪናው ጭቃ በያዘው ቁጥር ወርደን እንገፋለን። እኔ ከሁሉ ቀድሜ ስዘል ጊዜ "የቸኮለ አፍሶ ለቀመ፣ የኔ ወንድም" አሉኝ እየሳቁ።

ከወገዳ ማዶ

ወገዳ አድሬ በጠዋት አምና የሌሊት ወፏን ወደያዝኩበት ቤተ ክርስቲያን በእግር ወረድኩ። የሌሊት ወፎቹ ያሉት ቅጽሩ ውስጥ ካለ ዋሻ ነው። አጥቢያውን የሚያገለግሉት አባ አያሌው አወቁኝ። ጉዳዬን ነገርኳቸው።

"አንዲት ብቻ፣ አባ። በጠርሙስ አድርጌ ለምሁራን አሳያታለሁ።"

"አይሆንም ልጄ። ቅጽር ገብቶ የተጠጋ አይወጣም።"

"የሌሊት ወፍ እኮ ናት! ኦሪትም ርኩስ ይላታል።"

"ርኩስስ ርኩስ ናት። ተጠግታለች ግን።"

ደሜ ፈላ። ይህን ሁሉ መንገድ መጥቼ! የፈቃድ ወረቀቴን አውጥቼ ማኅተሙን አሳየኋቸው። አላዩትም። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"ባለፈው ሰሞንም ባለ ወረቀቶች መጥተው ነበር፣ ለውትድርና የሚታፈሱ ልጆች ፍለጋ። ቅጽር የረገጠ አይወጣም ብዬ መለስኋቸው። ዛሬ ላንተ ካወጣሁ፣ ነገ እነሱን በምን አፌ እመልሳለሁ?"

ያን ጊዜ ከዋሻው ሳል ተሰማ። የሌሊት ወፍ አታስልም። አባ አያሌው ዓይን ዓይኔን አዩኝ፤ እኔም ወረቀቴን አጥፌ ኪሴ ከተትኩ።

አርብ ገበያ

በታች ጋይንት በኩል ተመለስኩ። መንገዱን ሁሉ ከራሴ ጋር ስሟገት ነበር። ናሙናው ቢቀር ለገምጋሚዎቹ ቦታውን ብጽፍላቸውስ? አንድ ስም ነው፤ ምናልባት በዚያ ብቻ ያትሙልኝ ይሆናል።

አርብ ገበያ የደረስኩት በገበያው ቀን ነው። አንድ ባለ አህያ ጭነቱን ሳያራግፍ ገበያው በድንገት ተበተነ። ታጣቂዎች ጎረምሶችን በገመድ አያይዘው ሲነዱ አየሁ። አንዲት እናት ነጠላዋ ወድቆ "ስሙን እንኳ ጻፉልኝ! ወዴት ነው የምትወስዱት?" እያለች ከኋላ ትሮጣለች። የገዛሁት ቆሎ እጄ ላይ ቀረ።

አዲስ አበባ

ቤቴ ገብቼ ለአርታኢው ጻፍኩ፤ ናሙና የለኝም፣ ቦታውንም መግለጽ አልችልም። ምክንያቱን አልነገርኩትም፤ ደብዳቤ እየተከፈተ የሚነበብበት ዘመን ነበር። ጽሑፉ ውድቅ መሆኑን በአጭሩ አስታወቀኝ። ያለ ቦታ ስም የሚታወቅ እንስሳ የለም፤ አልፈርድበትም። እኔም ብሆን እንደዚያው እመልስ ነበር።

ከዚያ ጉዞ የተማርኩት ይህ ነው። "የት አገኘሃት?" ብሎ መጠየቅ የሳይንስ ወግ ነው። በዚያ ወራት ግን ያንኑ ጥያቄ ገመድ ይዘው የሚጠይቁም ነበሩ። ጽሑፌ ይቆጨኛል፣ ዛሬም። የደብሩን ስም ግን እዚህም አልጻፍኩትም።